የማዕድን ኢኤስጂ ምንድን ነው? ቦሎ፣ ፍሬንና ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ የወርቅ ኩባንያ ከተጻፈ ዜና ሥር አንድ አስተያየት አነበብኩ። "ኩባንያው ለአካባቢው ትምህርት ቤት ሠርቷል፣ የውኃ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ስለዚህ ኢኤስጂው አስተማማኝ ነው" ይላል። ብዙ ሰው ወዶታል። እኔ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩ። ይህን አባባል በስብሰባም፣ በቴሌቪዥን ውይይትም ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንድገመግመው በተሰጠኝ ሰነድ ውስጥ፣ በደማቅ ተጽፎ አግኝቼዋለሁ።

ኢኤስጂ የሦስት እንግሊዝኛ ቃላት ምህጻረ ቃል ነው፦ ኢ አካባቢ፣ ኤስ ማኅበረሰብ፣ ጂ አስተዳደር። እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ቃሉ መለመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ትልልቅ የፋይናንስ ተቋማት ካወጡት ሪፖርት ወዲህ ነው። ማን እንደጻፈው ልብ በሉ። ባንኮችና ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ናቸው። ያሳሰባቸው "ማን ደግ ነው?" የሚለው አልነበረም። "ገንዘቤ በየት በኩል ሊበላ ይችላል?" የሚለው ነው።

በማዕድን ዘርፍ የኢኤስጂ ስጋት ትንተና ማለትም ይኸው ነው። ምን ሊበላሽ ይችላል? ማን ላይ ይወድቃል? ማን ቀድሞ ያውቃል? ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆች ይማሩበት። ግን የሚገባው ሌላ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ማኅበራዊ ኃላፊነት ወይም ልግስና በሉት። ስጋት በልግስና አይቀነስም። መደመርና መቀነስ የሚሠራው ዓይነታቸው አንድ በሆኑ ነገሮች መካከል ነው።

በኢሱዙ ላስረዳ። ሰዉ "አልቃይዳ" የሚለውን ማለቴ ነው። ጎሐ ጽዮን ደርሶ የዓባይን ቁልቁለት ሊጀምር ነው እንበል። የመኪናው ባለቤት ደግ ሰው ነው። ለዕድሩ ድንኳን ገዝቷል፣ ለዓመት በዓል ለጎረቤት ሥጋ ያከፋፍላል። መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ ተለጥፏል። አሁን ጥያቄው፦ ልጃችሁን ትጭናላችሁ?

እኔ ከመጫኔ በፊት ፍሬኑን አያለሁ። ጭነቱ ስንት ኩንታል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሾፌሩ ሌሊቱን ተኝቷል ወይ? ረዳቱ ደመወዙ ተከፍሎታል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሄን ማወቅ እፈልጋለሁ፦ ባለቤቱ ደውሎ "ማታ ባሕር ዳር ካልገባህ ሥራ የለህም" ብሎታል ወይ? ረዳቱ ፍሬኑ ሲያፏጭ ከሰማ ለማን ይናገራል? ሲናገርስ ይሰማል ወይስ ይባረራል? አስተዳደር የሚባለው ይሄ ነው። ሰው አስተዳደር ሲባል የቦርድ አባላትን ስም ዝርዝር ያስባል። ለእኔ ግን የፍሬኑ ፉጨት ከረዳቱ ጆሮ እስከ ባለቤቱ ጆሮ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ዕድሩ ድንኳን ማግኘቱ ፍሬኑን አይጠግነውም። አስተያየት ሰጪው ወዳጄ የሚለኝ ግን "ድንኳን ገዝቷልና ፍሬኑ ደህና ነው" ነው።

"ቦሎውስ?" ትሉኝ ይሆናል። ብራዚል እንሂድ። ብሩማዲኞ በተባለ ቦታ የቫሌ ኩባንያ የብረት ማዕድን አለ። ከማዕድኑ በላይ 86 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የዝቃጭ ግድብ ነበር። ዝቃጭ ማለት ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚተርፈው፣ ከውኃ ጋር የተቀላቀለው የደቀቀ ድንጋይ ነው። አንድ የጀርመን የምርመራ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ግድቡ የተረጋጋ ነው ብሎ ፈርሞ ነበር። ቦሎ ማለት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ከተሰጠ አራት ወር ገደማ ሲሆነው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ28 ላይ ግድቡ ተደረመሰ። 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጭቃ ወረደ። የሠራተኞቹ ምግብ ቤትና ቢሮው የነበሩት ከግድቡ ሥር ነው። ሰዓቱ የምሳ ነበር። የማስጠንቀቂያው ሳይረን አልጮኸም። 270 ሰው ሞተ።

በነገራችን ላይ ይሄ ግድብ ዝቃጭ መቀበል ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የኢሱዙ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ኢሱዙ ሲቆም ጎማው ሥር ድንጋይ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። የዝቃጭ ግድብ ግን ቆሞም ቁልቁለቱ ላይ ነው። ማዕድኑ አልቆ፣ ኩባንያው ሄዶ፣ ሾፌሩ ጡረታ ወጥቶም ግድቡ እዚያው ነው። ድንጋዩን ጎማ ሥር የሚይዝ ሰው ለዘላለም ያስፈልጋል። ለእሱ የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ ካልተቀመጠ ማን ይከፍለዋል? ብዙ ሪፖርት አንብቤ ይሄን ጥያቄ በግልጽ የመለሰው ጥቂቱ ነው።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። የዝቃጭ ግድብ ሁሉ አንድ አይደለም። የብሩማዲኞው ዓይነት ሲያድግ አዲሱ ግድግዳ የሚቆመው በቀድሞው ዝቃጭ ላይ ነው። ሊጥ ላይ አጥር እንደማቆም ነው። ርካሽ ነው። ብራዚል ከአደጋው በኋላ ይሄን አሠራር ከልክላለች። አደጋውን ያጠኑት ባለሙያዎች እንዳሉት ደግሞ ግድቡ ከመውደቁ በፊት በመሣሪያ የሚታይ ግልጽ የመንቀሳቀስ ምልክት አላሳየም። ስለዚህ "ፍሬኑ ሁልጊዜ ያፏጫል" ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። አንዳንዴ ፉጨት የለም። ያኔ የሚያድናችሁ አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው፦ ምግብ ቤቱ ለምን ከግድቡ ሥር ሆነ?

ቫሌ እ.ኤ.አ. በ2021 ከግዛቱ መንግሥት ጋር በ37.7 ቢሊዮን የብራዚል ሪያል ካሣ ተስማማ። ያኔ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ባንኮቹ በ2004 ያሉት ነገር በአንድ ግድብ ሲተረጎም ይሄን ይመስላል።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ አባባል "ሕጋዊ ፈቃድ አለው፣ ምን ስጋት አለበት?" የሚለው ነው። ሪዮ ቲንቶ የተባለው ትልቅ የማዕድን ኩባንያም ፈቃድ ነበረው። በምዕራብ አውስትራሊያ ጁካን ገደል የሚባል ቦታ ሰዎች ከ46 ሺህ ዓመት በፊት የተጠለሉባቸው የድንጋይ ዋሻዎች ነበሩ። ኩባንያው እንዲያፈርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ ተፈቀደለት። በዓመቱ በተደረገ ቁፋሮ 4 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ፣ ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ መቀነት ተገኘ። የዘር ምርመራው ዛሬ የአካባቢው ባለቤት ከሆኑት ሕዝቦች ጋር አገናኘው። ፈቃዱ ግን አልተለወጠም። በሜይ 2020 ዋሻዎቹ በፈንጂ ፈረሱ። የተፈለገው 8 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ጥሩ የብረት ማዕድን ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚውና ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ተነገረ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። በኩባንያው ውስጥ የቦታውን ዋጋ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ግን ከፍንዳታው በፊት እንደማያውቁ ለፓርላማው አጣሪ ተናገሩ። ረዳቱ ሰምቷል፣ ባለቤቱ አልሰማም። ሕጉ አልተጣሰም። ኩባንያው ግን አለቃውን አጣ።

እኛም አገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የለገደንቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ለ10 ዓመት ታድሶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ጤናችንን ጎድቷል ያሉ ነዋሪዎች ተቃውሞ አስነሡ። በግንቦት የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደው። ማኅተም ያለበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ማዕድኑ ግን ቆመ።

የወረቀት ነገር ከተነሣ ማሪካናን ሳልጠቅስ አላልፍም። ማሪካና በደቡብ አፍሪካ ያለ የማዕድን ቦታ ነው። እዚያ ሎንሚን የተባለው የፕላቲኒየም ኩባንያ ለሠራተኞች 5,500 ቤት እሠራለሁ ብሎ ፈርሞ ነበር። የሠራው ሦስት ነው፣ እነሱም የማሳያ ቤቶች። በኦገስት 2012 ለደመወዝ ሥራ ያቆሙ 34 ማዕድን ቆፋሪዎችን ፖሊስ ገደለ። ሦስቱን ቤት ፎቶ አንሥታችሁ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ብታወጧቸው በጣም ያምራሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን አንድ በርሜል ነው። ለግምገማ የሄድኩበት አንድ የወርቅ ማውጫ አለ፣ ስሙ ይቅር። ሪፖርታቸው "የኬሚካል ባዶ በርሜሎች በሙሉ ተጨፍልቀው ተወግደዋል" ይላል። ከሰዓት በኋላ ከግቢው ውጭ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ቡና የምታፈላው ሴት ውኃ የምትቀዳው ከምን ነው? ከጥግ ከቆመ ሰማያዊ በርሜል። የራስ ቅሉና የአጥንቱ ምልክት ግማሹ ተፍቋል፣ ግማሹ ይታያል። "ከየት አመጣሽው የኔ እህት?" አልኳት። "ከጥበቃው ነው የገዛሁት፣ ጠንካራ ነው" አለችኝ። ቡናው ተፈልቶ ነበር። አልጠጣሁትም፣ ሒሳቡን ግን ከፈልኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ለምን እንዳልጠጣሁት እስክነግራት ድረስ ብዙ ተንተባትቤያለሁ።

እስቲ ያ በርሜል ኢ ነው፣ ኤስ ነው ወይስ ጂ? ኬሚካሉ አካባቢ ነው። ሴትዮዋና ደንበኞቿ ማኅበረሰብ ናቸው። ጥበቃው በርሜል የሚሸጠው ደመወዙ ስለማይበቃው ነው። መዝገቡ ላይ "ተወግዷል" ብሎ የፈረመው ሰው ደግሞ በርሜሎቹን ቆጥሮ አያውቅም። ሦስቱን ፊደላት በሦስት ዓምድ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚሰጥ ገምጋሚ ይህን በርሜል አያገኘውም።

ነጥብ ካልኩ አይቀር፣ "ዓለም አቀፍ የኢኤስጂ ደረጃው ከፍተኛ ነው" የሚሉም አሉ። እንደ ኤምኤስሲአይ ያሉ ደረጃ ሰጪዎች ኩባንያውን የሚያነጻጽሩት ከራሱ ዘርፍ ጋር ነው። ከኢሱዙዎች መካከል የተሻለ ኢሱዙ ማለት ነው። ደረጃውም የሚለካው ስጋቱ ለኩባንያው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያሰጋ እንጂ ኩባንያው ለወንዙ ምን እንዳደረገ አይደለም። ሁለቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ አይገናኙም። ወንዙን የሚጠይቀው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው። እሱ ደግሞ በዋናነት ከሥራው በፊት የሚሠራ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ጥበቃው በርሜል ይሸጥ አይሸጥ አይነግራችሁም።

ለዚያ አስተያየት ሰጪ መልስ ጻፍኩለት። ረጅም ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁትና አንድ ጥያቄ ብቻ ተውኩ፦ "ያልከው ትምህርት ቤት የተሠራው ከዝቃጭ ግድቡ በላይ ነው ወይስ በታች?"

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰልኝ። "ይሄ ደሞ ከኢኤስጂ ጋር ምን አገናኘው?"