በጉዋም የካሳ ሕግ «የተረፈ» የሚባለው ማን ነው?

ጃፓን በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የአሜሪካ ግዛት፣ የጉዋምን ደሴት፣ ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሐምሌ 1944 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዘመናት እንደዚሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በያዘችበት ዘመን የተሠቃዩ የቻሞሮ ተወላጆች፣ ማለትም የደሴቷ ነባር ሕዝብ፣ ካሳ የጠየቁት ከጃፓን ሳይሆን ከአሜሪካ መንግሥት ነው፤ ምክንያቱም አሜሪካ በ1951 በሳን ፍራንሲስኮ በተፈረመው የሰላም ስምምነት በጃፓን ላይ ሊቀርብ ይችል የነበረውን የዜጎቿን የካሳ ጥያቄ ትታዋለች። ካሳውን የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው ግን በታኅሣሥ 2016 ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ከሕጉ ጋር የሚነሣው «የተረፈ» የሚለው ቃል ነው። በተለምዶ ከጦርነቱ በሕይወት የወጣን ሁሉ እንዲህ እንላለን፤ በሕጉ መሠረት ግን እንደ ተረፈ የሚቆጠረው ግፉ የደረሰበትና ሕጉ በጸደቀበት ቀን፣ በታኅሣሥ 23 ቀን 2016፣ በሕይወት የነበረ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በ1944 በጃፓን ወታደሮች ተገድደው በእግራቸው ጃፓኖች የደሴቷን ሕዝብ ወዳጎሩበት ወደ ማኔንጎን ካምፕ የተነዱ አንዲት እናት ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀድመው አርፈው ከሆነ፣ ስለ ሥቃያቸው ለልጆቻቸው የሚከፈል ነገር የለም። ይህ በእኔ እምነት እጅግ የሚያሳዝን ድንጋጌ ነው።

በወረራው ለተገደለ ሰው የቅርብ ቤተሰብ ግን 25,000 ዶላር ተፈቅዷል። ከተረፉት መካከል ለተደፈሩ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለደረሰባቸው 15,000፣ በግዳጅ ሥራ ለተሠቃዩ 12,000፣ በግዳጅ ለተነዱ፣ ለታጎሩ ወይም ከመታጎር ለመሸሽ ለተደበቁ 10,000 ዶላር ተወስኗል። የማመልከቻው ጊዜ በሰኔ 20 ቀን 2018 ተዘግቷል።