ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፦ ማመልከቻው፣ ክፍያውና ኑሮው

ኮርኔል ያለው ኒውዮርክ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የማንሃተን ፎቅ ነው። ዋናው ግቢ ግን ከዚያ በአውቶቡስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይርቃል። ኢታካ የምትባል፣ 30,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ውስጥ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያው እርሻ ነው፣ ገደልና ፏፏቴ ነው፤ ከታች ካዩጋ የሚባል ረጅም ሐይቅ ተዘርግቷል። እዚያ ግቢ ብቻ ከ25,000 በላይ ተማሪ ይማራል። ሰመር ላይ ተማሪው ሲበተን ከተማዋ ጭር ትላለች።

ዩኒቨርሲቲው በ1865 ተቋቁሞ በ1868 በሩን ከፈተ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቾቹ ሁለት ናቸው። ኤዝራ ኮርኔል በቴሌግራፍ ሥራ የበለጸገ፣ ራሱ ብዙም ያልተማረ ሰው ነበር። እርሻ መሬቱንና 500,000 ዶላር ሰጠ። አንድሩ ዲክሰን ዋይት ደግሞ ምሁሩ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የተስማሙበት ነገር ለዘመኑ ድፍረት ነበር። ማንም ሰው ማንኛውንም ትምህርት የሚማርበት፣ በየትኛውም ሃይማኖት ሥር ያልሆነ ተቋም። ቀሳውስቱ "እግዚአብሔር የለሽ" ብለው አወገዙት። ሴቶችን ገና በ1870ዎቹ መጀመሪያ ተቀበለ፤ አይቪ ሊግ በሚባለው የስምንት ዝነኛ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ውስጥ ያሉት የዛሬዎቹ ጓደኞቹ አብዛኞቹ ይህን ለማድረግ ከዚያ በኋላ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ቀርቷቸው ነበር።

ገንዘቡ ግን ከኤዝራ ኪስ ብቻ አልመጣም። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ የፌዴራል መሬት እየሰጠ የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። የኒውዮርክ ድርሻ ወደ 990,000 ኤከር የሚሆን የመሬት ሰነድ ነበር። ሌሎች ግዛቶች ቶሎ ቶሎ በርካሽ ሲሸጡ ኤዝራ ዊስኮንሲን ውስጥ ጥድ ያለበትን ጫካ ይዞ ዋጋው እስኪወጣ ጠበቀ። መሬቱ ከቀደምት የአሜሪካ ሕዝቦች የተወሰደ ነው። ዛሬ ይህ ጉዳይ ግቢው ውስጥ በግልጽ ይነሳል።

ይህ ታሪክ ያለፈ ብቻ አይደለም። ኮርኔል የግል ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሳለ አራት ኮሌጆቹ ከኒውዮርክ ግዛት መንግሥት ጋር በውል የሚሠሩ ናቸው። እነሱም የግብርናና ሕይወት ሳይንስ፣ የሰብዓዊ ሥነ ምህዳር፣ የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት፣ እንዲሁም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ናቸው። የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪ እነዚህ ውስጥ ሲገባ በጣም የቀነሰ ክፍያ ይከፍላል። ኢንጂነሪንግ፣ አርትስና ሳይንስ፣ ወይም አርክቴክቸር ከገባ ግን ነዋሪ መሆኑ በክፍያው ላይ ለውጥ የለውም። ኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ የምትኖር የሐበሻ ልጅ ባዮሎጂን በግብርና ኮሌጅ በኩል ልትማረው ትችላለች፤ በአርትስና ሳይንስ በኩልም ትችላለች። የሁለቱ ኮሌጅ ተማሪዎች ብዙ ክፍል አብረው ይማራሉ። የሚከፍሉት ግን ለየቅል ነው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ሲያመለክቱም ነገሩ ከዚሁ ይጀምራል። "ኮርኔል አመለከትኩ" ብሎ ነገር የለም። የሚመለከተው አንድ ኮሌጅ ይመረጣል፣ ድርሰቱም ለዚያ ኮሌጅ ይጻፋል። ማመልከቻው ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ድረ ገጽ በኩል ነው። እዚያ ለሁሉም ትምህርት ቤት የሚላክ እስከ 650 ቃል የሚደርስ ድርሰት አለ፤ ኮርኔል ከዚያ በላይ የራሱን ይጠይቃል። አንባቢዎቹ የሚያዩት አንድ ነገር አለ፦ ልጁ ለምን ይህን ኮሌጅ መረጠ? የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት ኮሌጅን መርጦ ስለ ሕክምና ህልሙ የሚጽፍ ልጅ ራሱን በራሱ ጣለ ማለት ነው። የኮርኔልን ውበትና ዝና ማወደስም አይጠቅምም። እነሱ ያውቁታል።

የጊዜ ሰሌዳው ሁለት ነው። ቀድሞ የሚያመለክት በጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 1 ይጨርሳል፣ መልሱን በዲሴምበር አጋማሽ ያገኛል። ይህ ግን ቃል ኪዳን ነው። ከተቀበሉት ሌላውን ትቶ ይገባል። መደበኛው ማመልከቻ በጃንዋሪ መጀመሪያ ይዘጋል፣ መልሱ በማርች መጨረሻ ይመጣል። በኮሮና ጊዜ የቀረው ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና በ2026 መኸር ከሚገቡት ጀምሮ ተመልሷል። የሚያልፈው ከመቶ አመልካች አሥር እንኳ አይሞላም።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ልጅ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. 12ኛን የጨረሰ ተማሪ በፈረንጅ የጨረሰው በ2024 ነው። ትራንስክሪፕቱ "2016" ብቻ ካለ እዚያ ያለው አንባቢ ልጁ ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም አቆጣጠር እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃል። ስምም እንዲሁ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። የአያት ስም ፓስፖርት ላይ ካለ የመጨረሻው ስም እሱ ይሆናል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን የአባት ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። ፈተናው፣ ማመልከቻውና ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት ስም ካልያዙ ሰነዶቹ አይገናኙም። ሌላው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት አማካሪ የሚባል ሠራተኛ ስለሌለው ያን ቅጽ የሚሞላው ርእሰ መምህሩ ነው። "ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው" የሚል ሁለት መስመር ልጁን አይጠቅመውም። መምህሩ ልጁ አንድ ቀን ያደረገውን ነገር ቢተርክ ይሻላል። ይህን ለመምህሩ ቀድሞ ማስረዳት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የውል ኮሌጅ ላልሆኑት የዓመቱ የትምህርት ክፍያ 70,000 ዶላር ገደማ ደርሷል። ዶርም፣ ምግብና ሌላው ሲደመር ከ90,000 ያልፋል። ይህን ሙሉውን የማይከፍል ተማሪ ግን ብዙ ነው። ኮርኔል በውጤት ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የሚሰጠው የቤተሰቡን አቅም አይቶ ነው። ግሪን ካርድ ያለው እንደ አሜሪካዊ ይቆጠራል። ስለዚህ በዲቪ የሄደ ቤተሰብ ልጅ ሲያመለክት የገንዘቡ ጥያቄ ከመቀበሉ ውሳኔ ጋር አይገናኝም፤ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ወላጅ ምንም የማይከፍልበት ሁኔታ አለ።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ የሚያመለክተው ልጅ ጉዳይ ይለያል። ለውጭ ዜጎች የተመደበው ገንዘብ ውስን ነው፣ እርዳታ መጠየቁም ውሳኔው ላይ ይታያል። ከተቀበሉት ግን የጎደለውን ሙሉ ይሸፍናሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ወጥመድ አለ። "መጀመሪያ ልግባ፣ ገንዘቡን ከዚያ እጠይቃለሁ" የሚል ተማሪ አለ። አይሆንም። ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ ከገባ በኋላ መጠየቅ አይችልም። አሜሪካ ላሉ ዘመዶች የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ "ለጊዜው እከፍላለሁ በል" ብሎ የሚመክር ሰው ልጁን ገደል ይከታል።

በዝውውር መግባትም አለ። ኮርኔል ከአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በዝውውር ብዙ ተማሪ ከሚቀበሉት ነው፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚባለው የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅም ይወስዳል። አሜሪካ ገብቶ ቋንቋውን እያሻሻለ፣ እየሠራ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ለተማረ ወጣት የግብርና ኮሌጁ በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚያስብ ሰው ግን የኔ ግምት ግልጽ ነው፦ ከመጀመሪያ ዲግሪ ይልቅ ፒኤችዲ ይሻላል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ፒኤችዲ ተማሪ ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ የጤና መድን አለው፣ አበልም ይቆረጥለታል። በምላሹ ያስተምራል ወይም ምርምር ላይ ይሠራል። አበሉ ለኢታካ የቤት ኪራይ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር ነበር፤ ተማሪዎቹም በ2023 ድምፅ ሰጥተው የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። የማስተርስ ዲግሪው በተለይ የሙያ ማስተርስ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ኪስ ነው። "ኮርኔል ማስተርስ ተቀበለኝ" የሚል ደብዳቤ ይዞ ገንዘብ የሚያፈላልግ ሰው ብዙ ነው።

የድኅረ ምረቃው አሠራር ለየት ይላል። ተማሪ የሚገባው ወደ ትምህርት ክፍል ሳይሆን "ፊልድ" ወደሚባል ስብስብ ነው። አንድ ፊልድ ውስጥ ከተለያየ ኮሌጅ የመጡ ፕሮፌሰሮች አሉ። ተማሪው ራሱ አንድ ሊቀመንበርና ሌሎች አባላት መርጦ ኮሚቴውን ያቋቁማል። ከሌላ ፊልድም መውሰድ ይቻላል። የዕፅዋት ማዳቀል የሚያጠና ሰው ኮሚቴው ውስጥ የስታትስቲክስ ሰው ቢያስገባ ማንም አይደንቀውም። ኋላ "ኤ" የሚባለውን፣ ለመመረቂያ ምርምሩ ብቁ መሆኑ የሚታይበትን ፈተና ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ "ቢ" የሚባለው የመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ነው። የዚህ ሁሉ ጥቅም ነፃነት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሊቀመንበሩ ከተበላሸ ነገር ሁሉ መበላሸቱ ነው።

ስለዚህ በሳይንስና በግብርና ከማመልከት በፊት ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል መጻፍ የተለመደ ነው። "ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ፣ ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ፣ ሲቪዬን አያይዣለሁ" የሚለው ሳይነበብ ይጠፋል። የሚነበበው አጭር ነው። የሰውየውን አንድ ሥራ ያነበበ፣ በራሱ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ የገጠመውን አንድ ጥያቄ የሚያነሳ፣ "በመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ ወይ?" ብሎ የሚጨርስ። ስድስት ሰባት መስመር ይበቃል።

ለግብርናው ያልኩት በከንቱ አይደለም። ባርባራ ማክሊንቶክ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ፒኤችዲ እዚያ ተምራ በቆሎ ላይ በሠራችው ምርምር በ1983 ኖቤል አግኝታለች። ከኢትዮጵያም ጋር በጤፍ ዝርያ ማሻሻል የተያያዘ ሥራ አለ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ኮርኔል ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር በተቀናጀ የተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት ሰጥቷል። ተማሪዎቹ ባሕር ዳር ተቀምጠው የዓባይ ተፋሰስን ጎርፍና ቦረቦር እያጠኑ የኮርኔል ዲግሪ ወስደዋል። በግብርና ጀምሮ ትቶ የወጣም አለ። ቻይናዊው ሁ ሺ ፖም እየለየ መሰየም ሰልችቶት ወደ ፍልስፍና ተዛወረ፣ በ1914 ተመረቀ፤ ኋላ የአገሩን ጽሑፍ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ይህን ማለባበስ አይቻልም። የመጀመሪያ ዓመት ክፍሎች መቶዎች የሚቀመጡበት አዳራሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሮፌሰሩን ያላወቀ ተማሪ ረዳት አስተማሪውን ብቻ እያየ ይጨርሳል። እዚያ ያለው ልማድ ግን መምህሩ ተማሪ በሚያነጋግርበት ሰዓት ቢሮው ሄዶ መጠየቅ ነው። መምህሩን ማክበር ማለት ዝም ማለት እንደሆነ ተምሮ ላደገ ልጅ ይህ ከሒሳቡ በላይ ይከብዳል። "ፕሬሊም" የሚባሉት ፈተናዎች በሴሚስተሩ መሃል፣ ብዙዎቹ ምሽት ላይ ይሰጣሉ። ካፌ ራት በልቶ ወደ ፈተና አዳራሽ የሚሄድ ሰልፍ ማየት የተለመደ ነው። ዋና መቻልም ለብዙ ዘመን የመመረቂያ መስፈርት ሆኖ ቆይቷል፤ 75 ያርድ ገደማ መዋኘት።

ኮረብታው ላይ 21 ደወል ያለው የማክግሮ ግንብ አለ። ደወሉን የሚመቱት ተማሪዎች ናቸው። በ1997 አንድ ሌሊት ጫፉ ላይ ትልቅ ዱባ ተሰክቶ ተገኘ። ወራት እዚያው ቆየ። ማን እንዴት እንደሰቀለው እስከዛሬ የተማሪዎች ወሬ ነው። የሆቴል ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የራሱ ሆቴል አለው፤ ተማሪ የሚሠራበት እውነተኛ ሆቴል። የስፖርት ሜዳው ሥር ደግሞ የኤሌክትሮን ማፋጠኛ ቀለበት ተቀብሯል፤ ኳስ የሚጫወተው ልጅ አያየውም።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪ ከመቀበል በኋላ የሚቀረው ቪዛ ነው። ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባለውን ሰነድ ይልካል፤ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት 350 ዶላር ይከፈላል፤ ከዚያ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ። እዚያ የሚጠየቀው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ ማን ይከፍላል፣ ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ። በጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የዚህ ዓይነት ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር የሚቆይ አድርጋው ነበር። ቪዛው ለመግቢያ ነው፤ እዚያ ለመቆየት የሚያስፈልገው አይ-20ው ነው። ችግሩ እናት ታመው ወይም ሠርግ ኖሮ አገር ቤት ቢመጡ ለመመለስ እንደገና ቃለ መጠይቅ ውስጥ መግባቱ ነው። በትምህርት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ከተመረቁ በኋላ በተማሩበት ሙያ አንድ ዓመት መሥራት ይቻላል፤ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ከሆነ ሌላ ሁለት ዓመት ይጨመራል። ይህን የሚወስነው አይ-20ው ላይ የተጻፈው የትምህርት መስክ ቁጥር ነው። ስለዚህ ኮሌጅና ፊልድ ሲመረጥ ቁጥሩንም አብሮ መጠየቅ ነው።