ስፔሻላይዝድ እና ቮላጂ፦ በ1 ዶላር ያለቀው የብስክሌት ክስ

በጥር 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተሰጠ አንድ ፍርድ የብስክሌቱን ዓለም ለረጅም ጊዜ አነጋግሯል። ከሳሹ ስፔሻላይዝድ ነው፤ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑ ብስክሌት አምራቾች አንዱ። ተከሳሹ ቮላጂ የሚባል፣ ገና ገበያውን የተቀላቀለ ጀማሪ ኩባንያ ነው። ከተራ ዜጎች የተመረጠው ጁሪ ለከሳሹ የፈረደለት በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ያስወሰነለት ካሳም 1 ዶላር ነው።

ሰው ይህን ክስ የሚያስታውሰው በዚያች ዶላር ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ዶላሯ አይደለችም። እዚያ ለመድረስ ሁለቱም ወገኖች፣ በተለይ ትንሹ፣ ያወጡት ገንዘብ ነው።

ስፔሻላይዝድ ራሱ ከትንሽ ነገር የተነሣ ድርጅት ነው። መሥራቹ ማይክ ሲንያርድ ፎልክስዋገን ሚኒባሱን ሸጦ አውሮፓን በብስክሌት ዞረ። ከዚያ በ1974 የጣሊያን የብስክሌት ዕቃዎችን ወደ አሜሪካ እያስገባ መሸጥ ጀመረ። በ1981 ያወጣው ስታምፕጃምፐር የተራራ ብስክሌትን ከጥቂት አፍቃሪዎች እጅ አውጥቶ ለብዙኃኑ ካደረሱት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በ2001 የታይዋኑ ሜሪዳ 49 በመቶ ድርሻ ገዛ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞርጋን ሂል በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። ክሱ ሲመጣ ኩባንያው የብዙ ፓተንቶች (የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች) እና የንግድ ምልክቶች ባለቤት ነበር። መብቱን በጠበቃ በማስከበርም የታወቀ ነበር።

ቮላጂን የመሠረቱት ሮበርት ቾይ እና ባርሊ ፎርስማን ሁለቱም ቀድሞ የስፔሻላይዝድ ሠራተኞች ነበሩ። ጠቡም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከድርጅቱ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ሊሾ የተባለ የመንገድ ብስክሌት ይዘው ብቅ አሉ።

ብስክሌቱን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሊሾ ለረጅም ርቀት የተሠራ የካርቦን ፋይበር ብስክሌት ነው። በሌሎች ብስክሌቶች ከኋላ ጎማ ተነሥተው ወደ ላይ የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የመቀመጫውን ቱቦ ሲያገኙ እዚያው ይያያዛሉ። በሊሾ ግን እዚያ አይያያዙም። በግራና በቀኝ በኩል አልፈው፣ እንደ ቀስት ጎበጥ ብለው፣ ከላይኛው ቱቦ ጋር ነው የሚገናኙት። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይለመጣሉ፤ ንዝረቱ ወገብ ላይ ሳይደርስ እዚያው ይበርዳል። ሁለተኛው ልዩ ነገር ዲስክ ፍሬኑ ነው፤ የጎማውን ጠርዝ ሳይሆን መሃሉ ላይ የተገጠመ ክብ ብረት ቆንጥጦ የሚያቆም ፍሬን። በዚያን ጊዜ በመንገድ ብስክሌት ላይ ዲስክ ፍሬን ማየት ብርቅ ነበር።

ስፔሻላይዝድም ለዚሁ ዓይነት ጋላቢ የሚሆን ሩቤ የሚባል ታዋቂ ሞዴል አለው። በዚያን ጊዜ የሩቤ መላ ግን ሌላ ነበር። ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል) ውስጥና ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ላይ ንዝረት የሚውጥ ለስላሳ ጎማ መሰል ቁራጭ ተሰክቶበት ነበር። የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ ጋላቢው ብዙ ሰዓት ኮርቻ ላይ ቆይቶ እንዳይደክም። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። እዚህ ላይ መፍረድ ለማንም ቀላል አይደለም። ብስክሌት ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መሠረታዊ ቅርጹን አልለወጠም፤ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች፣ ሁለት ጎማዎች፣ አንድ ሰንሰለት። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ይመሳሰላል። ስለዚህ «የእኔን ይመስላል» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ብዙ አይራመድም።

የስፔሻላይዝድ ክስ ግን በመመሳሰል ብቻ አላበቃም። ሰዎቹ ደመወዝ እየበሉ፣ ውላቸው ሳይፈርስ፣ ተፎካካሪ ድርጅት ሲያደራጁ ነበር አለ። የንግድ ምስጢርም ተወስዷል ብሎ ከሰሰ። ቮላጂ በበኩሉ ሐሳቡ የራሳችን ነው፣ የወሰድነው ነገር የለም ብሎ ተከራከረ።

ነገሩ የተፈጸመው ካሊፎርኒያ መሆኑ ክርክሩን ልዩ ያደርገዋል። በዚያ ግዛት አሠሪ ሠራተኛውን «ከእኔ ከወጣህ በኋላ በዚህ ሙያ አትወዳደረኝም» ብሎ በውል ሊያስረው አይችልም። ሕጉ ከ1872 የመጣ ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2008 አጥብቆ አጽንቶታል። ሰው የተማረውን ሙያ ይዞ መውጣት፣ በማግስቱም ከቀድሞ አለቃው ጎን ሱቅ መክፈት ይችላል። ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በዚያ አካባቢ እየተፈለፈሉ የኖሩት በዚህ ነፃነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ።

ነፃነቱ ግን ገደብ አለው። ሠራተኛው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ለአሠሪው ታማኝ መሆን አለበት። የንግድ ምስጢር ይዞ መውጣትም ክልክል ነው። በራሱ ጊዜ፣ የአሠሪውን ዕቃ ሳይነካ የፈጠረው ነገር በመርህ ደረጃ የራሱ ነው። ፈጠራው ከአሠሪው የሥራ መስክ ጋር ሲያያዝ ግን ይህ የሕግ ከለላ ይነሳል። የብስክሌት ኩባንያ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ብስክሌት ቢነድፍ የሚገባው ልክ እዚህ ማጥ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስፔሻላይዝድ ቅሬታው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። ማንም አሠሪ የሚያምነው ሰው በጎን የራሱን ሲያቦካ ቢያገኘው ይከፋዋል፤ መከፋቱም ተገቢ ነው።

ችሎቱ ሲሄድ ግን የክሱ ክምር እየሟሸሸ መጣ። ፍርድ ቤቱ አብዛኞቹን ነጥቦች ጁሪው ጋ ሳይደርሱ ጣላቸው። የቀረው የውል ጉዳይ ነበር። ጁሪውም ቾይ ከስፔሻላይዝድ ጋር የነበረውን ውል ጥሷል አለ። ጉዳቱ ስንት ነው ሲባል መልሱ 1 ዶላር ሆነ።

እንዲህ ያለው ፍርድ ለቀልድ የሚሰጥ አይደለም። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግዴታ ተጥሶ የሚታይ ጉዳት ካልደረሰ ስም ብቻ የሆነ ካሳ እንዲወሰን ይፈቅዳል። ትርጉሙ «ጥፋት አለ፣ የደረሰብህ ኪሳራ ግን የለም» ማለት ነው። ስፔሻላይዝድ ጉዳዩ የመርህ ነው፣ አሸንፈናል አለ። ቮላጂ ብስክሌቱን መሸጡን ቀጠለ። ሁለቱም አሸናፊ ነን የሚሉበት ፍርድ ሆነ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በአሜሪካ ደንቡ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጠበቃ ራሱ እንዲከፍል ነው። ውሉ ወይም ልዩ ሕግ ካላለ በቀር ቢያሸንፍም አይመለስለትም። እንግሊዝ አገር የተረታው የረታውን ወጪ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ አሜሪካ ውስጥ ያ የለም። ለቮላጂ ወጪው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ለትልቅ ኩባንያ ይህ የአንድ ዓመት በጀት ውስጥ ያለ መስመር ነው። ለጀማሪ ግን የቀጣዩ ሞዴል ቅርጽ ማውጫ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ባለሱቆችም ነገ ይዘጋ ይሆናል ብለው የሚያስቡትን ብራንድ መደርደሪያቸው ላይ ለመስቀል ያመነታሉ። ፍርዱ ገና ሳይሰጥ ቅጣቱ ተከፍሎ ያልቃል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

በብስክሌት ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጥጫ አዲስ አይደለም። በ1870ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ የተባሉትን ብስክሌቶች ይሠራ የነበረው አልበርት ፖፕ፣ ፈረንሳዊው የፈጠራ ሰው ፒየር ላልማን በ1866 ያስመዘገበውን ፓተንት ጨምሮ ቁልፍ መብቶችን ሰብስቦ ገዛ። ከዚያ ሌሎች የአሜሪካ አምራቾች ለእሱ እየከፈሉ እንዲሠሩ አደረገ። ነገሩ በተቃራኒው የሄደበት ጊዜም አለ። በ1987 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው የብስክሌት ዕቃ አምራች ስራም ገና ሕፃን ሳለ በ1990 ግዙፉን የጃፓን ተፎካካሪውን ሺማኖን ከሰሰ። ሺማኖ ማርሽና ፍሬኑን በሙሉ ከእሱ ለሚገዙ ብስክሌት አምራቾች ቅናሽ ይሰጥ ስለነበር የስራም የማርሽ መለወጫ ለብቻው የሚገባበት ቀዳዳ ጠፍቶ ነበር። ጉዳዩ በ1991 በስምምነት አለቀ። ስራም ዛሬ የሺማኖ ዋና ተፎካካሪ ነው።

ዲስክ ፍሬኑም ብርቅነቱ ቀረ። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ በ2015 በመንገድ ውድድር ላይ ሙከራ ጀመረ። በ2016 ከፓሪስ-ሩቤ ውድድር በኋላ ቁስል ያስከትላል በሚል ስጋት አቋርጦት ነበር። ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ግን በቋሚነት ፈቀደው። ስፔሻላይዝድም ሩቤን በዲስክ ፍሬን ማቅረብ ከጀመረ ቆይቷል።

ከቮላጂ ፍርድ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013 መጨረሻ፣ ስፔሻላይዝድ ሌላ ጠብ ውስጥ ገባ። በካናዳ አልበርታ፣ ኮክሬን ከተማ፣ አንድ የቀድሞ ወታደር ካፌ ሩቤ የሚባል ትንሽ ብስክሌት ሱቅ ነበረው። ኩባንያው «ሩቤ» የንግድ ምልክቴ ነው፣ ስምህን ቀይር አለው። ወሬው ሲወጣ የጋላቢዎች ቁጣ ገነፈለ። በወቅቱ ፉጂ ብስክሌቶችን ያቀርብ የነበረው አድቫንስድ ስፖርትስ ደግሞ የምልክቱ ባለቤት እኛ ነን፣ ስፔሻላይዝድ ከእኛ በፈቃድ ነው የሚጠቀምበት፣ ሱቁ ስሙን ቢይዝ ተቃውሞ የለንም አለ። ሲንያርድ ራሱ ኮክሬን ድረስ ሄዶ ባለሱቁን ይቅርታ ጠየቀ። ሱቁም ስሙን ይዞ ቀረ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደጃፍ አልደረሰም።