ወፎችን በድምፃቸው መለየት

ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ወፍ የሚቆጥር ባለሙያ ከሚመዘግባቸው ወፎች አብዛኞቹን አያያቸውም፤ በድምፃቸው ያውቃቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ወፏ ፊት ለፊት ብትቀመጥም መልኳ ብዙ አይናገርም። ሲስቲኮላ የሚባሉት ወፎች 50 ያህል ዝርያዎች ሲኖሯቸው አብዛኞቹ የሚገኙት በአፍሪካ ነው። ትንንሽና ቡናማ በመሆናቸው እርስ በርስ ያምታታሉ፤ እንግሊዝኛው ብዙዎቹን አፏጪው፣ አልቃሻው፣ ዘማሪው እያለ በድምፃቸው ነው የሚጠራቸው። እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ዋይትም በ1768 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ሦስት ወፎች የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ያረጋገጠው ዜማቸውን አዳምጦ ነበር።

ሰው ድምፅ የሚያወጣው ከማንቁርቱ ነው። የወፍ ድምፅ ግን የሚወጣው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው። ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ ሊንቀጠቀጡ ስለሚችሉ አንዳንድ ወፎች ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያሰማሉ።

ዜማና ጥሪ አንድ አይደሉም። ዜማ ክልል ለማስከበርና ተጓዳኝ ለመሳብ ነው፤ ቀዝቃዛው ሰሜን ላይ በብዛት የሚያዜመው ወንዱ ሲሆን፣ በሞቃታማው የምድር ክፍል ሴቷም ታዜማለች፣ ጥንዶችም ይቀባበላሉ። ጥሪ አጭር ነው፤ ለመገናኘት፣ ምግብ ለመለመን፣ አደጋ ለመጠቆም። ለጀማሪ የሚከብደውም ይኸው ጥሪ ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ብዙ ትንንሽ ወፎች የሚያሰሙት ቀጭን ጥሪ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል፣ ከዝርያ ዝርያም ይመሳሰላል። በቀን የተቀመጠች ጉጉት ሲያገኙ ግን ጩኸታቸው ሻካራና ደጋጋሚ ነው፤ ያለችበትን ለሁሉም ያሳብቃል።

ጆሮ መያዝ ያለበት የድምፁን ቅጥነት ብቻ አይደለም። ፍጥነቱን፣ ድግግሞሹንና ለዛውን፣ ማለትም እንደ ፉጨት የጠራ ነው ወይስ ሻካራ የሚለውን ጭምር ነው። ድምፅን በቃል ማስመሰል ይረዳል (ጉጉት ስሟን ራሷ የምትጠራ ይመስላል)፤ ነገር ግን አንዱ የሰማውን ቃል ሌላው ላይሰማው ይችላል። የድምፁን መውጣትና መውረድ በመስመር መሳል ይሻላል። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት ስፔክትሮግራምም ድምፅን በሥዕል የሚያሳይ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዜኖ ካንቶ የተባለ ድረ ገጽ ከመላው ዓለም የተቀዱ ድምፆችን በነፃ ያሰማል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ በአካባቢው የሚሰማውን ወፍ ስም ወዲያው ያወጣል። የመተግበሪያውን መልስ እንደ ጥቆማ መውሰድ እንጂ ወፏን ሳይፈልጉ መመዝገብ አይገባም፤ የሌላውን ድምፅ የሚቀዱ ወፎች ሰውንም ያታልላሉ። በአውሮፓ የምትራባ አንዲት የረግረግ ወፍ የአውሮፓን የቅዝቃዜ ወራት በምታሳልፍበት በአፍሪካ የሰማቻቸውን ወፎች ድምፅ ከዜማዋ ጋር ታቀላቅላለች።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሆነ፣ ነባር አድማጮች ለዓመታት የሚያውቋቸውን አንዳንድ ወፎች እዚያው ዛፍ ላይ እያሉ መስማት ያቆማሉ።