የቧንቧ ኦርጋን ሳምፕል ሴት ምንድን ነው?

እኛ ጋ «ኦርጋን» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰካው ኪቦርድ ነው። በሠርግ ባንድና በጸሎት ቤት መድረክ የምናውቀው። የዛሬው ጉዳይ ግን ሌላኛው ኦርጋን ነው፤ በአውሮፓ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ግድግዳ ሞልቶ የሚቆመው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ያሉት።

ዋሽንትን አስቡ። ተጫዋቹ አንዱን ሸምበቆ በጣቶቹ እየከፈተና እየዘጋ ብዙ ድምፅ ያወጣበታል። የኦርጋን ቧንቧ እንዲህ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም። አንድ ቧንቧ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ 56 ቁልፍ ላለው ኪቦርድ ቢያንስ 56 ቧንቧ ያስፈልጋል። ያውም ለአንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ፣ በሙያው አጠራር ለአንድ «ስቶፕ»። ፍሉት የሚመስለው የራሱ ረድፍ አለው፤ ጡሩምባ የሚመስለውም የራሱ። በኔዘርላንድ ዝቮለ ከተማ፣ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያለውን ኦርጋን የሽኒትገር ወንድማማቾች የጨረሱት በ1721 እ.ኤ.አ. ነው። አራት የእጅ ኪቦርዶች፣ አንድ የእግር ኪቦርድና 64 ስቶፖች አሉት።

ሳምፕል ሴት ማለት እንዲህ ያለው መሣሪያ ቧንቧ በቧንቧ የተቀዳበት የድምፅ ስብስብ ነው። («ሴት» እዚህ የእንግሊዝኛው ነው፤ ስብስብ ማለት።) የሙዚቃ ቅጂ አይደለም። ዜማ የለበትም። ነጠላ ድምፆች ብቻ ናቸው። ዜማውን የሚያመጣው ተጫዋቹ ነው። ሚዲ ኪቦርድ (የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ለኮምፒውተር የሚናገር ኪቦርድ) ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፤ ቁልፍ ሲነካ ሶፍትዌሩ የዚያን ቧንቧ ድምፅ ያወጣል። በጣም የሚታወቀው ሶፍትዌር ሃውፕትቨርክ ነው፤ ይሸጣል። ግራንድኦርግ ደግሞ ነፃ ነው። የዝቮለውን ኦርጋን ቀድቶ ያቀረበው ሶኑስ ፓራዲሲ የተባለ የቼክ አዘጋጅ ነው።

ቀረጻው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። የመኪና ድምፅ መጥፋት አለበት። የክፍሉ ሙቀትም ከፍ ዝቅ እንዳይል ይጠበቃል፤ ሙቀት የቧንቧን ቅኝት ይለውጣላ። አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የአብዛኛው ቧንቧ ድምፅ ሦስት ሴንት ገደማ ከፍ ይላል። ሴንት የግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በኪቦርድ ላይ የሁለት አጎራባች ቁልፎች ልዩነት፣ መቶኛ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በቀዝቃዛ ሌሊት የተቀዳው በሞቃት ሌሊት ከተቀዳው ጋር አብሮ ሲሰማ ጆሮ ይቆረቁራል። አንድ ሰው ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ይጫናል። ይለቃል። ድምፁ ከሕንጻው ጨርሶ እስኪጠፋ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ቀጣዩ ቁልፍ። ስቶፖቹ እስኪያልቁ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ቅጂ ሥር አየር የሚነፋው ሞተር ጉርምርምታ ይገባል። በቤተ ክርስቲያኑ ሞተሩ አንድ ነው። በኮምፒውተሩ ግን 30 ቧንቧ አንድ ላይ ሲጮህ 30 ጉርምርምታ ይደራረባል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ጉርምርምታውን ከእያንዳንዱ ቅጂ አንድ በአንድ ያጸዳሉ። ከዚያ ሞተሩን ለብቻው ቀድተው አንዴ ብቻ ይመልሱታል። ስቶፑን የሚከፍተው እጀታ ሲሳብ የሚሰማው የእንጨት ቀጭታ እንኳ ይቀዳል። ልፋቱ የሚገባችሁ ይህ ድምፅ ሲጎድል ነው፤ ያኔ መሣሪያው ሕይወት ያጣል።

ቁልፉ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ቢቆይስ? ሶፍትዌሩ የቅጂውን መሃል እያዞረ ይደጋግመዋል። መጋጠሚያው በደንብ ከተሠራ አይታወቅም።

ለእኔ ግን የሳምፕል ሴት ልቡ ያለው ጭራው ላይ ነው። ጭራ የምለው ጣት ከቁልፉ ከተነሣ በኋላ ሕንጻው ውስጥ የሚቀረውን ድምፅ ነው። በትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፁ ጣሪያ ሄዶ፣ ዓምድ ነክቶ፣ ብዙ ሰከንድ ቆይቶ ነው የሚሞተው። የኦርጋን ግማሹ ሕንጻው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ችግሩ ጭራው ሁሌ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ቁልፉን ነካ አድርጋችሁ ከለቀቃችሁ ሕንጻው ገና በድምፅ አልሞላም፤ ጭራው ቀጭን ነው። ያዝ አድርጋችሁ ከለቀቃችሁ ግን ሕንጻው ሞልቷል፤ ጭራው ወፍራም ነው። ለአጭር ንክኪ የረጅሙን ጭራ ብታወጡ ድምፁ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ፈጣን ዜማም ይጨማለቃል። ለዚህ ነው ጥሩ ስብስቦች ለአንድ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ሦስት ጭራ የሚቀዱት፦ የአጭር፣ የመካከለኛና የረጅም ንክኪ። ሶፍትዌሩ ቁልፉ የቆየበትን ጊዜ ቆጥሮ ይመርጣል።

ጭራው አብሮት የተቀዳው «ዌት»፣ እርጥብ፣ ይባላል። ማይኩ ወደ ቧንቧዎቹ ተጠግቶ፣ የሕንጻው ድምፅ እምብዛም ሳይገባ የተቀዳው «ድራይ»፣ ደረቅ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ በማዳመጫ ለሚጫወት እርጥቡ ይሻላል። የራሱ ማስተጋባት ባለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግን ደረቁን ምረጡ፤ አለዚያ በማስተጋባት ላይ ማስተጋባት ይሆናል።

ድምፁ ጣት ቁልፉን እንደነካ መውጣት ስላለበት ቅጂዎቹ ቀድመው ራም ላይ ይጫናሉ። ትልልቆቹ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ራም ይበላሉ። ትንንሾቹ ግን 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ይሠራሉ፤ በነፃ የሚወርዱም አሉ።

ካገኛችሁ ማዳመጫ አድርጉና 8 ጫማ የሚል አንድ ስቶፕ ብቻ ክፈቱ። ቁጥሩ ጫፋቸው ክፍት በሆኑ ቧንቧዎች ረድፍ የትልቁ ቧንቧ ቁመት ነው፣ 2.4 ሜትር ገደማ። አንድ ቁልፍ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁና እስኪጠፋ አዳምጡ። ከዚያ ያንኑ ቁልፍ አምስት ሰከንድ ይዛችሁ ልቀቁ። ሁለቱ ጭራዎች ፍጹም አንድ ከሆኑባችሁ፣ ያ ስብስብ የተቀዳለት አንድ ጭራ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።