ሰጠ ወይስ ሸጠ? ስለ ጩኸትና ስለ ጆሮ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ሟች ምን ያህል ደግ ሰው እንደነበሩ እየተወራ ነው። አጠገቤ ያሉ አዛውንት፣ "ያቺን ላም እኮ ለጎረቤታቸው ሰጧት" አሉ። እኔም ጠጋ ብዬ "በስንት?" አልኳቸው። ድንኳኑ ጭጭ አለ።

እኔ የሰማሁት "ሸጧት" የሚል ነበር።

አባቴ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ማዳበሪያ ከመያዝ ጀምሬ 18 ዓመት እዚያው ሠራሁ። ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ እህሉ ሲያልቅ ባዶውን የሚፋጨው ድንጋይ፣ ጆሮዬን የበሉት እነዚህ ናቸው። ዛሬ በሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ቀን ከሌት ጭርርር የሚል ድምፅ አለ። እሱን ተላምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የሰዉን ምክር ነው።

"ጮክ ብለህ ንገረው፣ ይሰማል"

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው።

ጩኸት ጆሮን ሲጎዳ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። ቀድመው የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ሐኪሟ የመስማት ምርመራዬን ውጤት ስታሳየኝ፣ መስመሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ 4000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ገደል ገባ። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ አንዱ መታወቂያው ይህ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉት ደግሞ አብዛኛውን ኃይላቸውን ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው የሚያገኙት። አናባቢዎቹ ወፈር ስለሚሉ ይደርሱኛል። ስለዚህ "ሰጠ" እና "ሸጠ"፣ "ሠራ" እና "ፈራ" ለእኔ መንታ ናቸው። ድምፅህ ይደርሰኛል፣ ቃልህ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ስትጮህብኝ የሚጎላው ቀድሞም የምሰማው ክፍል ነው። ይባስ ብሎ እንዲህ የተጎዳ ጆሮ ዝቅ ያለውን ባይሰማም፣ ከፍ ያለው ቶሎ ይረብሸዋል። አያትህ "ምን አልክ?" ብለው፣ ስትደግምላቸው "ምን ያስጮህሃል!" የሚሉት ለዚህ ነው። ነገረኛ ሆነው አይደለም።

የሚረዳው ሌላ ነው። ፊትህን አዙርልኝ፣ አፍህን ልየው። ኩሽና ሆነህ ጀርባህን ሰጥተህ አታውራኝ። ቴሌቪዥኑን ዝጋው። ካልገባኝ ደግሞ ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ አትድገመው፣ በሌላ ቃል ቀይረው። አዛውንቱ "በነጻ ሰጧት" ቢሉኝ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጉድ እተርፍ ነበር።

"ጆሮ ይለምዳል"

አባቴም እንዲህ ይሉ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ የተደፈነ ይመስለኝ ነበር፣ ይጮህብኛል። ጠዋት ስነሳ ደህና ነው። ከጊዜ በኋላ ይሄ ስሜት እየቀረ መጣ። "አየህ፣ ለመደልህ" ተባልኩ።

ለምዶ አልነበረም፣ እየሞተ ነበር። በውስጠኛው ጆሮ ቀንድ አውጣ የሚመስል የተጠቀለለ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ፣ አናታቸው ላይ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሴሎች ተሰልፈዋል። ድምፁን ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ማሳ ላይ ከብት እንደሚመላለስበት ጤፍ አስብ። አንዴ ቢረገጥ ቀና ይላል፣ በየቀኑ ሲረገጥ ግን ተኝቶ ይቀራል። የሰው ልጅ እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱበት መልሰው አይበቅሉለትም። ዶሮ እንኳ ታበቅላለች። እኛ አንችልም።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስልህ። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የቬኒስ መዳብ ቀጥቃጮች ሲያረጁ እንደሚደነቁሩ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ በርሜል ሲቀጠቀጥ የሰማ ሰው 300 ዓመት ያለፈ አይመስለውም።

"ካላመመ አይጎዳም"

ጆሮ በድምፅ የሚያመው 120 ዴሲቤልና (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ጉዳቱ ግን በቀን 8 ሰዓት ከሰማኸው 85 ላይ ይጀምራል። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ግራይንደር በቀላሉ 100 ይገባል። መለኪያ ከሌለህ ክንድህን ዘርጋ። በዚያ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገህ ቦታው ለጆሮህ አይሆንም።

"ጆሮህ የሚጮኸው ሰው እያማህ ነው"

እንዲያ ከሆነ እኔን ለ10 ዓመት ያለ እረፍት የሚያማኝ ሰው አለ ማለት ነው። ሥራ የለውም እንዴ?

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። የእኔማ ባዳ ብቻ ሳይሆን ውሸታምም ሆኗል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ምክንያት ይህን ይመስላል። ከተጎዱት ሴሎች መልእክት ሲቋረጥበት አንጎል "የት ሄደ?" ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጣቢያ የጠፋበትን ራዲዮ ጨምረህ ስትከፍተው ሽሽሽ እንደሚለው ማለት ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱ ያሳክከው የለ? እንደዚያው።

ችግሩ "ድምፅ ይሰማኛል" ስትል ሰዉ ሌላ ነገር ያስባል። ንግግር እኮ አይደለም፣ ጭርርር የሚል ድምፅ ነው። ጸበሉን የሚከለክልህ የለም፣ ሐኪሙን ግን አትለፈው። በተለይ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ትርታ ጋር አብሮ የሚመታ ከሆነ፣ ወይም የሚያዞር ከሆነ መታየት አለበት። አንድ ጆሮህ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ደግሞ ለነገ አትበል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

እስከ ዛሬ የቆየ የጆሮ ጩኸትን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። እንዲያውም ጆሮን የሚያስጮሁ መድኃኒቶች አሉ። አስፕሪን በብዛት ሲወሰድ አንዱ ነው። ሌላው ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን ነው፣ "ኪኒን" የሚለው ቃላችን ራሱ የመጣው ከእሱ ነው። ለእኔ የከፋው ፀጥታ ነው። ሌሊት ሁሉ ነገር ጭር ሲል የእኔ ገበያ ይደራል። ስለዚህ ራዲዮ ዝቅ አድርጌ እተኛለሁ። ክረምት ይመቸኛል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብን የሚያህል ሸፋኝ የለም። ጭንቀት ደግሞ ድምፁን ያጎላዋል። ለዚህ ነው ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ብዙዎችን የሚረዳው። ድምፁ አይጠፋም፣ ግን ማስጨነቁን ይተዋል።

"ጥጥ ከጠቀጠቅክበት ይበቃል"

አይበቃም። ጥጥ የሚቀንሰው ኢምንት ነው። የስፖንጅ መድፈኛ ይሻላል፣ እሱም በደንብ ከገባ። መጀመሪያ በጣትህ አሽተህ አቅጥነው። በሌላኛው እጅህ በአናትህ ላይ ዞረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበው። አስገባው፣ እስኪነፋ ድረስ በጣትህ ያዘው። ከሩቅ ሲታይ ጫፉ ብቅ ብሎ ከወጣ አልገባም ማለት ነው። ተቀጣሪ ከሆንክ ደግሞ መጠየቅ ልመና አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

"ሰም ነው፣ ጥረገው"

ሰም ጆሮን ሊደፍን ይችላል፣ ሐኪም በቀላሉ ያወጣዋል። ክብሪት እንጨት፣ ቁልፍና የጆሮ መጥረጊያ ግን ወደ ውስጥ ይገፉታል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ ማንጠባጠብም አለ። ሞክሬዋለሁ። ለሁለት ቀን ወጥ ወጥ ሸተትኩ።

"ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ጆሮን ያሰንፋል"

አያሰንፍም። እንደ መነጽርም አይደለም፣ አድርገኸው ወዲያው ሁሉም ነገር ጥርት አይልልህም። አንጎል ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ እንደገና ለመልመድ ሳምንታት ይፈጅበታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ፌስታል ሲያወጣ ደነገጥኩ። ፌስታል እንዲህ እንደሚጮህ ረስቼው ኖሯል! ብዙዎችም መሣሪያውን ሲያደርጉ የጆሮው ጩኸት ረገብ ይልላቸዋል። ለእኔም ሆኖልኛል።

ብዙ ሰው የሚያወራበት ድንኳን ግን አሁንም ያሸንፈኛል። እኚያ አዛውንትም ይህን ያውቃሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታው በፊት ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ቀስ ብለው "በነጻ ነው!" ይሉኛል። እሱ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።