በማዕረግ መመረቅ፦ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ የክብር ደረጃዎች፣ ሽልማቶችና የትምህርት ድጋፎች

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች «የክብር ተማሪ» የሚባለው በአብዛኛው ለብቻው የተዘጋጀ የትምህርት መርሐ ግብር የሚከታተል ተማሪ አይደለም። ሁሉም አንድ ካሪኩለም ይማራል፤ ልዩነቱ የሚታየው በመጨረሻው ቀን፣ ዲግሪው ላይ በሚጻፈው ቃል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራበት የኖረውና አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተከተሉት አሠራር ሦስት እርከን አለው፦ አጠቃላይ ውጤቱ፣ ማለትም ሲጂፒኤው፣ ከ3.25 እስከ 3.50 በታች የሆነ ተማሪ በማዕረግ፣ ከ3.50 እስከ 3.75 በታች የሆነ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75ና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል። ለመመረቅ ብቻ የሚያስፈልገው 2.00 ነው። ቁጥሩ ከሞላ በኋላም የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የሚጨምራቸው ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። አንዳንዱ በትራንስክሪፕቱ ላይ ኤፍ (የመውደቂያ ውጤት) ያለበትን ተማሪ፣ ኮርሱን ደግሞ ወስዶ ቢያሻሽለውም፣ ከማዕረግ ያወጣል። አንዳንዱ የዋና ትምህርቱን ውጤት ለብቻ ያያል። ስለዚህ ተማሪው የራሱን ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግ ገና በመጀመሪያው ዓመት ማንበብ አለበት። አራተኛ ዓመት ላይ ቢያነበው የሚለውጠው ነገር የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስከ ዛሬ

የዚህ ወግ ምንጩ አራት ኪሎ ነው ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ትምህርት ሲጀምር የመቀበል አቅሙ 33 ተማሪዎች ብቻ ነበር። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል) በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የተተከለው ጥብቅ የፈተናና የውጤት ሥርዓት የዛሬው የሬጅስትራር አሠራር መሠረት ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም ኮሌጆቹ ተዋህደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ቻንስለሩም እሳቸው ነበሩ። ዲግሪ የሚቀበለው ተመራቂ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ይቀበል ስለነበር፣ ለላቀ ተመራቂ የሚሰጠው የቻንስለሩ የወርቅ ሜዳልያ ክብሩ ከትምህርት ቤት ሽልማት በላይ ነበር። በዚያ ዘመን ተሸላሚ የሆኑ ሰዎች ዛሬም በሕይወት ታሪካቸው መግቢያ ላይ ይጠቅሱታል። ከውጤት ውጭ የሆነ ክብርም ነበር፤ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ የሚነበቡ ግጥሞች ይወዳደሩ ነበር፣ አሸናፊውም በግቢው ሁሉ ይታወቅ ነበር።

የትምህርት ዕድልን በተመለከተም የዚያ ዘመን ትልቁ ውሳኔ የአፍሪካውያን ስኮላርሺፕ ነው። ሚያዝያ 1950 ዓ.ም አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 200 ተብሎ ይጠቀሳል። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች የመጡት ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አንድ መኝታ ቤት አደሩ፣ አንድ የመመገቢያ አዳራሽ ተመገቡ። በተማሪው የፖለቲካ ንቃት ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ምን ያህል እንደሆነ ጸሐፊዎች ይለያያሉ፤ ተጽዕኖ መኖሩን የሚክድ ግን የለም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ተማሪዎች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። በደርግ ዘመን የውጭ ስኮላርሺፕ በዋናነት ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ነበር።

የቀድሞው የውጤት አሰጣጥ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኤፍ ብቻ ነበረው። ፕላስና ማይነስ የገቡት በኋላ ነው። ስለዚህ የ1960ዎቹን 3.5 ከዛሬው 3.5 ጋር ማስተያየት ልክ አይደለም፤ ያኔ 84 ያገኘና 71 ያገኘ ሁለቱም ቢ ይዘው ሊወጡ ይችሉ ነበር።

ቁጥሩ እንዴት ይሠራል

አሁን በስፋት በሚሠራበት አሰጣጥ ከ85 በላይ ያገኘ ኤ፣ ከ90 በላይ ያገኘ ኤ ፕላስ ይባላል፤ የሁለቱም ክብደት ግን 4.0 ነው። ኤ ማይነስ ከ80 ጀምሮ 3.75፣ ቢ ፕላስ ከ75 ጀምሮ 3.5፣ ቢ ከ70 ጀምሮ 3.0፣ ቢ ማይነስ ከ65 ጀምሮ 2.75፣ ሲ ፕላስ ከ60 ጀምሮ 2.5፣ ሲ ከ50 ጀምሮ 2.0 ነው። ከቢ ፕላስ ወደ ቢ ሲወረድ ግማሽ ነጥብ ይጠፋል፤ ከኤ ወደ ኤ ማይነስ ግን ሩብ ብቻ። ማዕረግ የሚፈልግ ተማሪ በጣም ሊጠነቀቅለት የሚገባው የ75 ድንበር የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የክሬዲት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ኮርስ የሰዓት መጠን፣ ክብደት ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር 15 ክሬዲት ወሰደ እንበል፦ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ቢ ፕላስ፣ ባለ 3 ክሬዲት ሦስት ኮርሶች ኤ፣ ኤ ማይነስና ቢ፣ ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ደግሞ ኤ ፕላስ። 14፣ 12፣ 11.25፣ 9 እና 8 ሲደመሩ 54.25፤ ለ15 ሲካፈል 3.62። ይኸው ተማሪ በባለ 2 ክሬዲቱ ኮርስ ከኤ ፕላስ ወደ ሲ ቢወርድ 3.35 ይሆናል፤ አሁንም ከ3.25 በላይ ነው። በባለ 4 ክሬዲቱ ከቢ ፕላስ ወደ ሲ ቢወርድ ግን 3.22 ይሆንና ከማዕረግ መስመር በታች ይወድቃል። በቀላሉ ኮርስ ኤ ፕላስ እያሳደዱ ከባዱን ማሳነስ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የመጀመሪያ ዓመት ነው። የፍሬሽማን ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ተመልሰዋል፤ ውጤታቸው ዲፓርትመንት ለመመደብ ብቻ ሳይሆን በሲጂፒኤው ውስጥም ይቆጠራል። በ147 ክሬዲት የሚያልቅ ዲግሪ ላይ 3.50 ለማግኘት 514.5 ነጥብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ወስዶ 2.5 ያመጣ ተማሪ የያዘው 45 ነጥብ ነው፤ በቀሩት 129 ክሬዲቶች በአማካይ 3.64 ማምጣት አለበት። ይቻላል፣ ግን ከዚያ ወዲያ ማረፊያ የለም። ብዙው ተማሪ ይህን ስሌት የሚሠራው አራተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ለምሳሌ በ110 ክሬዲት 3.45 የያዘ ሰው የቀሩትን 37 ክሬዲቶች በ3.65 መጨረስ ይጠበቅበታል። ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ የሚታየውን ቁጥር ዩኒቨርሲቲው ያጠጋጋዋል ወይስ ይቆርጠዋል የሚለውም ድንበር ላይ ላለ ተማሪ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ሬጅስትራር በጽሑፍ ሊመልሰው ይገባል።

ማዕረግ የሚያመልጠው ሁልጊዜ በፈተና ብቻ አይደለም። ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) የተሰጠው ኮርስ በተወሰነለት ጊዜ ካልተሟላ ወደ ኤፍ ይቀየራል፤ ሕመም ያጋጠመው ተማሪ የሐኪም ማስረጃውን ለዲፓርትመንቱ ሳያስገባ ወደ ቤቱ ከሄደ ይህ ይደርስበታል። የግሬድ ቅሬታ የሚቀርበው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ በቃል ለመምህሩ የተነገረ ቅሬታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ጥሩው መንገድ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አስገብቶ ቀሪ ቅጂ ላይ ማኅተም ማስደረግ ነው። በየሴሚስተሩ የግሬድ ሪፖርት ወስዶ ከተመዘገቡት ኮርሶች ጋር ማመሳከርም እንዲሁ፦ በአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ በሚጨመርበትና በሚተውበት ጊዜ) የተተወ ኮርስ ሳይሰረዝ ቀርቶ ውጤት አልባ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የምረቃ ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። 50 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ ሲጂፒኤው 3.9 ቢሆንም እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪ አይሰጠውም።

ሜዳልያ፣ ዋንጫና ቀሪነት

ከማዕረጉ በላይ ሜዳልያና ዋንጫ አሉ። ሜዳልያ በየኮሌጁ ወይም በየትምህርት ክፍሉ ቀዳሚ ለሆነ ተመራቂ ይሰጣል፤ ዋንጫው በዩኒቨርሲቲው ሁሉ ለላቀው ነው። ከሴቶች ከፍተኛ ውጤት ላመጣችው ለብቻ ሽልማት መስጠት የተለመደ ነው፤ በብዙ የምረቃ በዓላት አጠቃላዩንም የሴቶቹንም ሽልማት አንዲት ተመራቂ ስትወስድ ታይቷል፣ አዳራሹም በእልልታ ይናጋል። ዘላቂው ጥቅም ግን ቀሪነት ነው፦ ቀዳሚ ተመራቂዎች በግራጁዌት አሲስታንትነት (በጀማሪ መምህርነት) ተቀጥረው በዚያው ያስተምራሉ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲው ለማስተርስ ይልካቸዋል። ከአንጋፋ ፕሮፌሰሮቻችን ብዙዎቹ በዚህ በር ነው የገቡት።

ወጪ መጋራት

እስከ 1995 ዓ.ም ድረስ ትምህርቱ፣ ምግቡና መኝታው በመንግሥት ወጪ ነበር። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ግን ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 ከመቶውን እንዲጋራ ተደረገ። ክፍያው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠ ይፈጸማል። በመምህርነት ለተመደቡ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ አለ። ደንቡ ዕዳውን ከውጤት ጋር ስለማያያይዘው በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀውም፣ በ2.00 የወጣውም እኩል ይከፍላሉ። ጎበዝ ተማሪን ለማበረታታት የታሰበ ሥርዓት ቢሆን ይህ ነጥብ መታየት ይገባው ነበር። የተማሪው የዕለት ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ የዕዳው መጠንም አብሮ የሚታይ ጉዳይ ሆኗል።

በተግባር የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። ተማሪው በየዓመቱ ምዝገባ ላይ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የአንድ ዓመት ውል ጠፍቶ ሲገኝ ክሊራንሱ (ከግቢው ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚያሳየው ማረጋገጫ) ይቆማል። ከምረቃ በኋላ በእጅ የሚሰጠው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ነው፤ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ዕዳው መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። አሠሪ የቆረጠውን ገንዘብ ለገቢዎች ሳያስገባ ሲቀር የሚጉላላው ተመራቂው ስለሆነ፣ የቆረጣውን ደረሰኝ በየዓመቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ስኮላርሺፖች

በአገር ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርስ ፕሮግራም ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በተለይ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ዕድል ሰጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱ መርሐ ግብር አለው። ምርጫው ውጤትን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብን የኑሮ ሁኔታም ያያል፤ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ቀድሞ ማዘጋጀት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ወደ ውጭ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄዱት በብዛት በቻይና መንግሥት፣ በቱርክ፣ በሃንጋሪ፣ በሩሲያና በህንድ ስኮላርሺፖች ነው። የቱርኩ ማመልከቻ በተለመደው ጊዜ ከጥር መግቢያ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይቀርባል፤ አመልካቹ ከ21 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 70 ከመቶ፣ ለሕክምና 90 ከመቶ ሊኖረው ይገባል። የቻይናው ዕድሜን እስከ 25 ይፈቅዳል።

ማመልከቻ የሚወድቅባቸው ሁለት ነገሮች በየዓመቱ ይደጋገማሉ። አንደኛው ስም ነው፦ በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በትራንስክሪፕትና በፓስፖርት ላይ የአያት ስም በተለያየ የላቲን ፊደል ከተጻፈ አመልካቹ ሦስት ሰው ይመስላል። ሁለተኛው የትውልድ ቀን ነው፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሳይቀየር በአውሮፓውያኑ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አመልካቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፤ በዕድሜ ገደብም ይወድቃል። መፍትሔው ፓስፖርቱን ከማውጣት በፊት ነው፦ የልደት ሰርተፊኬቱ የአያት ስም አጻጻፍና የተቀየረው ቀን ከ12ኛ ክፍሉ ሰርተፊኬት ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ ከዚያ በኋላ ሰነዱ ይረጋገጥ፣ በመጨረሻም ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሂድ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማረጋገጫው እንደገና ይሠራል፤ የማመልከቻው ቀንም ያልፋል።